የሚታወቅ ሰው የለም

በደሴ ሰው የሚታወቀው በጫማው ነው። ድሮ በፊቱ ነበር ይባላል። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ነውና፣ በከተማው ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች ሆኖ አንገቱን አቅንቶ የሚሄድ ከተገኘ ወይ የገጠር እንግዳ ነው፣ ወይ እናቱ ስልክ የነፈገችው ሕፃን ነው። የቀረው ሁሉ አገጩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ይጓዛል። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ካየ በኋላ የመንገዶቹን ስም ከግድግዳ አውርዶ አስፋልቱ ላይ አስጽፏል። ባለሱቆች ዕቃቸውን ከጉልበት በታች ይደረድራሉ። ውሃ በቱቦ ይጠጣል፣ ጠላም እንዲሁ። ልጃገረዶች አንዱን ጎረምሳ ወደዱት ሲባል ጫማውን ወደዱለት ማለት ነው። ሊስትሮ የተከበረ ሰው ሆኗል፤ በዚህ ዘመን የሰውን ፊት የሚያጸዳው እሱ ነው።

አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚለው ተረት ከአፍ ጠፍቷል። ሁሉም አንገት ደፊ ከሆነ ማን ማንን ይማ?

ምንያህል ይመር ከደላንታ ገጠር መጥቶ አራተኛ ዓመቱን የሚማር ተማሪ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲኖር ጦሳ ተራራን አንድም ቀን በዓይኑ አላየም። ተራራው ከከተማው ራስጌ ተገትሮ እንደሚውል ያውቃል፤ በስልኩ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም፣ ለማየትም አልሞከረም። ሰው የሚመኘው የጎደለውን ነው፤ ከጓደኞቹ ማንም ጎደለኝ ያላለው ነገር ምንያህልን ብቻ ጎደለው አይባልም።

ስልኩ በማንገቻ ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣበት ወደፊት ያዞረዋል፤ ስልኩም የመጪውን ፊት አይቶ ስሙን በጆሮው ይነግረዋል። «ትርሲት፣ የክፍል ጓደኛህ» ሲለው፣ ምንያህል በትርሲት ቀይ ጫማ ላይ ፈገግ ብሎ ሰላም ይላል። ስልኩ የማያውቀው ሰው ከሆነ ደግሞ «የሚታወቅ ሰው የለም» ይላል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ማለፍ ነው፤ ነውርም የለበትም።

አንድ ማክሰኞ ታላቅ እህቱ እታገኝ ደወለችለት። እታገኝ ነገር አታንዛዛም። አባታቸው ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እንደሚመጡ ነገረችው። ምንያህልም ምርቃቱ ገና እንደሆነ፣ ከክረምት በኋላ ቢመጡ እንደሚሻል፣ መንገዱም እንደሚያደክማቸው ይደረድር ጀመር።

«ከክረምት በኋላ አያይም» አለችው።

ምንያህል አልገባውም። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት እንዳለፈው፣ የቀኙም እየሄደ እንደሆነ፣ ሐኪሙም ከክረምቱ የሚያልፍ ብርሃን እንደሌላቸው በግልጽ እንደነገራቸው አስረዳችው። የሚመጡትም ብርሃኑ ሳይሄድ የልጃቸውን ፊት አንዴ ለማየት ነው።

«በስልክ ሁልጊዜ ያየኝ የለም እንዴ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬው ነበር። ‹እሱ ሥዕል ነው› አለኝ። አንተስ? እሁድ እሁድ ስታወራው አንድ ዓይኑ መጥፋቱን አላየህም?»

አላየም። በስልኩ ላይ የአባቱ ዓይኖች ሁለቱም ጥርት ያሉ ነበሩ። መጀመሪያ ዓመት ላይ ስልኩ «ፊቶችን ላሳምር?» ብሎ ጠይቆት እሺ ማለቱ ትዝ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቱ አርጅተው አያውቁም። ለእህቱ ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብሎ ዘጋው፤ ኔትወርኩ ግን ደህና ነበር።

ሐፍረቱ ግን የአባቱን ዓይን አለማየቱ ብቻ አልነበረም። አባቱ ደሴ የመጡት አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔ ምንያህል ገና ጀማሪ ተማሪ ነበር፣ አንገቱም እንደዛሬው አልታሰረም። አቶ ይመር ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሷቸውን አድርገው ዶርም ድረስ መጡ። የዶርሙ ልጆች እግራቸውን አይተው ተንሾካሾኩ፤ ለወራትም ምንያህልን «የጎማው ልጅ» ሲሉት ከረሙ። እሱም በስልክ በለሰለሰ ቃል አባቱን ለመናቸው፤ እዚህ ከተማ ሰው የሚያየው ጫማ ነውና ሌላ ቢያደርጉ አላቸው። አቶ ይመር ስቀው «እግሬ ለምዶታል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ምንያህል ና አላላቸውም። ክረምት በመጣ ቁጥርም ትምህርት አለብኝ እያለ ወደ ደላንታ አልሄደም።

እና አሁን በአራት ቀን ውስጥ አንገቱ ቀና ማለት አለበት። አማራጭ ሲጠፋው ወደ ግቢው ክሊኒክ ሄደ።

የአንገት ክፍሏ ነርስ ሲስተር ብዙነሽ ናት፤ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጋች፣ ቀጥ ያለች ሴት። ተማሪ ሁሉ ማጅራቱ ላይ የሚለጥፈው «ጠባቂ» የሚባል ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ አንገቱ ስንት ሰዓት እንዳጎነበሰ፣ ስንት ሰዓት እንዳረፈ እየቆጠረ ለክሊኒኩ ይልካል። ሲስተር ብዙነሽ የምንያህልን መዝገብ ከፍታ ስታይ ፊቷ በራ።

«አንተ ነህ ምንያህል? ስምህ እኮ በር ላይ ተለጥፏል። በዚህ ግቢ እንዳንተ አንገቱን የሚያሳርፍ ልጅ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ቀጥ፣ ቀኑንም ቀጥ።»

ምንያህል ነጫጭ ጫማዎቿን እያየ ቆመ።

«አልጋው ነው» አለ በመጨረሻ።

«የቱ አልጋ?»

«ጠባቂውን የማስረው አልጋዬ ብረት ላይ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

ሲስተር ብዙነሽ ረጋ ብላ «እንግዲህ አልጋህ ጤነኛ ነው» አለችና አጠገቡ መጥታ ማጅራቱን ዳበሰች። ጣቶቿ ከአጥንት አጥንት እየወረዱ እያንዳንዱ ላይ ቆም አሉ። ምንያህል የሐኪም እጅ ሲነካው የመጀመሪያው እንደሆነ ታወቀው፤ ሦስት ዓመት ተኩል የተመረመረው አልጋው ነበር። አጥንቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንደተቆለፉ፣ ስልክን እያራቁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢሠራበት በዓመት በሁለት ዓመት ሊላላ እንደሚችል ነገረችው። ለቅዳሜ የሚደርስ መድኃኒት ግን እሷም፣ ከእሷ በላይ ያለ ሐኪምም እንደሌላቸው አልደበቀችውም።

አባቱ ፊቱን ሊያዩ እንደሚመጡ ነገራት።

«ታዲያ በጀርባህ ተጋደምለታ» አለች። «ተጋድመህ ከላይ ይይህ። ምን ችግር አለው?»

ችግር የለውም አለና ወጣ። በልቡም ዕቅዱን ጨረሰ። አባቱን ከመናኸሪያ ተቀብሎ፣ ሰው በማይበዛበት በጓሮ መንገድ አድርጎ፣ ልጆቹ ገበያ በወጡበት ሰዓት ዶርም ያስገባቸዋል። በሩን ዘግቶ አልጋው ላይ ይጋደማል፤ አባቱም ያዩታል። በረባሶውን ማንም አያየውም፤ እሱም ሰው ፊት መሬት ላይ አይንጋለልም። እንዲህ አድርጎ ሁለቱን ሐፍረት በአንድ በር ሊዘጋባቸው አሰበ፤ ለጊዜውም ቀለል አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አስጠርጎ መናኸሪያ ደረሰ። ፀሐይ ነበረ። የደላንታው አውቶቡስ ገብቶ በሩ ሲከፈት ጫማዎቹ እየተከታተሉ ይወርዱ ጀመር፤ ሸራ፣ ቡትስ፣ የልጅ ጫማ፣ የመነኩሴ ጫማ። ምንያህል ባንድ ጆሮው ሙዚቃ፣ በሌላው የስልኩን ድምፅ እየሰማ፣ ዓይኑን በረባሶ ፍለጋ ላከ። እስኪያገኘው ቸኮለ፤ እንዳገኘውም ቶሎ ሊሰውረው አሰበ።

አንድ ጥንድ አዲስ ቡናማ የቆዳ ጫማ ከፊቱ መጥቶ ቆመ። ገና ከካርቶን የወጣ ነው፤ ማሰሪያው ያላወቀ ሰው እንዳሰረው ተወሳስቧል። ጫማው አልተንቀሳቀሰም፤ አፍንጫውን ወደ ምንያህል አቅንቶ ቀረ። ምንያህል እንደ ልማዱ ስልኩን ወደፊት አዞረ።

«የሚታወቅ ሰው የለም» አለው ስልኩ።

«ይቅርታ» ብሎ ቡናማውን ጫማ በጎን አልፎት ሄደ። ከኋላው አንድ ድምፅ የተሰማ መሰለው፤ ሙዚቃው ግን ዋጠው።

ጥቂት እንደተራመደ አገኘው። በረባሶ ነው፤ ከበረባሶው በላይ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ከጎኑም የከዘራ ጫፍ። ስልኩን መጠየቅ አላስፈለገውም። ግራ ቀኝ አይቶ የሚያውቀው ጫማ አለመኖሩን አረጋገጠ፣ ከዚያ ሁለቱንም ማዳመጫዎች ከጆሮው ነቀለ። በዚህ ዘመን ጉልበት ሲሳም ጆሮ ይከፈታል፤ ምርቃት እንዳያመልጥ ነው። ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ፣ አንዴ፣ ደግሞም። አንገቱ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነበር።

«እደግ ልጄ፣ ተመንደግ» አለ ከላይ ድምፁ። «ወልደህ ሳም፣ ዘርተህ ቃም። ክፉ አይይህ። ወጥተህ ግባ።»

ምርቃቱ እስኪያልቅ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ምንያህል ግን ከመጀመሪያው ቃል አንስቶ ደሙ ቀዝቅዟል። ድምፁ የአባቱ አይደለም።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት ሽማግሌው፣ ምርቃታቸውን ከጨረሱ በኋላ። ሳይጠይቁ መመረቅ የዚያ አገር ሽማግሌ ወግ ነው፤ ጉልበቱን የሳመውን ልጅ መጀመሪያ ይመርቃል፣ ኋላ ማንነቱን ያጣራል።

«የ... የይመር» አለ ምንያህል።

«ይመር የትኛው?»

«የኔ ነው፣ አያ» አለ ከኋላ ሌላ ድምፅ። «የኔ ልጅ ነው። ምርቃትዎን ያጽናልን።»

ምንያህል ተንበርክኮ እንዳለ ዞረ። ቡናማው ጫማ ነበር።

ባለ በረባሶው ሽማግሌ ነገሩ የገባቸውም ያልገባቸውም ሳይመስሉ «ከሁለት አባት ቢመረቅ ምን ይጎዳል» ብለው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ። ምንያህል የአባቱን ጉልበት ይስም ወይስ ይነሳ ቸገረው። አንድ ጉልበት ላይ የሳመውን ከንፈር ወዲያው ወደ ሌላ ጉልበት ማዞር ነውር መሰለው። ፊቱ ፍም ሆኖ ተነሳ።

«አባዬ፣ አላየሁህም።»

«አይ፣ ስልክህን ወደ እኔ ስታዞረው ያየኸኝ መስሎኝ ስቄልህ ነበር» አሉ አቶ ይመር። ቅሬታ በድምፃቸው አልነበረም፤ የሆነውን ነው የሚናገሩት። «እኔማ ገና ከአውቶቡሱ ስወርድ አወቅሁህ። ከዛፍ ወድቀህ የተፈነከትክባት ጠባሳ አናትህ ላይ አለች። በዚች ዓይኔም ቢሆን እሷን አልስትም። ጠራሁህ፣ አልሰማህም። ሰው ፊት አሳፍሬው ይሆን ብዬ ዝም አልኩ።»

ምንያህል ቡናማው ጫማ ላይ አፈጠጠ።

«ጫማውን እያየህ ነው? ያልከኝን ነው ያደረግሁት። ይቆነጥጠኛል እንጂ ያምራል አሉኝ። ያምራል?»

«ያምራል» አለ ምንያህል። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

አባቱ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። «በል እስቲ ቀና በል፣ ልይህ።»

ሞከረ። እውነት ሞከረ። ማጅራቱን እሳት ለበለበው፣ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፣ አገጩ ግን ከደረቱ በጣት ስፋት እንኳ አልራቀም። አቶ ይመር ጎንበስ ብለው ከሥር ሊያዩት ሞከሩ፤ ወገባቸው እምቢ አላቸው። ምንያህል ዶርም እንሂድ አለ፤ ቅርብ እንደሆነ፣ እዚያ ተጋድሞ እንደልባቸው እንደሚያዩት እየተቻኮለ ነገራቸው። በዚህ መሐል አንድ ቀይ ጫማ አጠገባቸው ቆመ። የትርሲት ጫማ ነበር። ከቀዩ ጎን ገበያ የወጡት የዶርሙ ልጆች ሸራ ጫማዎች አሉ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

«ቤት ውስጥ አላይም፣ ልጄ» አሉ አቶ ይመር። «ዓይኔ አሁን የምታየው ፀሐይ ካለ ነው። እዚሁ ቢሆንልኝ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ምንያህል አስፋልቱ ላይ በጀርባው መጋደም ብቻ ነበረበት። ሲስተር ብዙነሽም እንዳለችው፣ ምን ችግር አለው? ምንያህል ቀዩን ጫማ አየ፤ ሸራ ጫማዎቹን አየ። «ሰው አለ እኮ፣ አባዬ» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ፈልጎ ነበር።

ምንያህል የአባቱ ጋቢ ከላይ ሲወርድ አየ። ጋቢው አስፋልቱ ላይ፣ መናኸሪያ ተብሎ በቢጫ ቀለም በተጻፈው ላይ ተዘረጋ። ከዚያ የአባቱ እጅ መሬት ያዘ፣ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ እያቃሰቱ በጎን ወረዱና በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ አዲሱ ጫማቸው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

«በል አሁን ና» አሉት።

ምንያህል ተንበርክኮ በላያቸው አጎነበሰ። ከሦስት ዓመት ወዲህ የአባቱን ፊት ያኔ አየ። የሚያውቀው ፊት አልነበረም። ግራ ዓይናቸው እንደ እንቁላል ነጭ ነጥቷል። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ጉንጫቸው ገብቷል፣ ግንባራቸው ላይ እሁድ እሁድ አይቶት የማያውቀው ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። ይህን ሰው ጫማውን ሳይሆን ፊቱን ቢያይም ኖሮ ይቅርታ ብሎ ያልፈው ነበር።

አቶ ይመር ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት። እንደዚያ አድርገው ብዙ አዩት። ትንፋሻቸው ይሰማዋል።

«ጢም አብቅለሃል» አሉ። «ማንም አልነገረኝም።»

ምንያህል አለቀሰ። ዕንባው ቁልቁል እየወረደ አባቱ ጉንጭ ላይ አረፈ። አቶ ይመር በእሱ ትከሻ በኩል አሻግረው አዩ።

«ጦሳ ላይ እንኳ ደመና የለም፤ ይኼ ዝናብ ከየት መጣ?» አሉና በአውራ ጣታቸው ዓይኑን ጠረጉለት።

በዙሪያቸው ጫማዎች በዝተዋል። አንዳቸውም አልሳቁም፣ አንዳቸውም አልሄዱም። የምንያህል ስልክ ከአንገቱ ተንጠልጥሎ አባቱ ፊት ላይ ይወዛወዛል። ማዳመጫው ተነቅሏልና በዚህ ጊዜ የተናገረው ለሁሉም ተሰማ። «የሚታወቅ ሰው የለም።»

«ምን አለ?» አሉ አቶ ይመር።

«አላወቀህም።»

«ምን ያድርግ፣ አልነገርከውም። ንገረዋ።»

«አባቴ ነው» አለ ምንያህል። ሰው ፊት እንደዚህ ብሎ አያውቅም።

ስልኩ ትንሽ አሰበና በዚያ ጨዋ ድምፁ መለሰ። «ይህ ፊት ከአባትህ ፊት ጋር አይመሳሰልም። ላርመው?»

ምንያህል አትንካው ሊል አፉን ሲከፍት አቶ ይመር ቀደሙት። እንደተጋደሙ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ ብለው፣ ልጃቸውን ከችግር የሚያወጡ መስሏቸው ነው የተናገሩት።

«እሺ በለው እንጂ፣ ያርመኝ። ለምርቃትህ ስመጣ እንዳላሳፍርህ።»

ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይላል። ምንያህልም በልቡ እንዲሁ አለ። መሬቱ ላይ ግን አባቱ ተኝተውበታል፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አቅንተው።